የሁሴን እናት ያስጻፉኝ ደብዳቤ

ይህን የምጽፈው ከአንኮበር በታች ያለውን ቆላ አይቶት ለማያውቅ፣ ምናልባትም ለማያየው ሰው ነው። እኔ ራሴ ከመሄዴ በፊት ስለ ሰሜን ሸዋ የማውቀው ደብረ ብርሃን እንደሚበርድ ብቻ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፤ እኛ ጋ ብርድ ማለት ዝናቡ ሲያባራ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ በየቀበሌው የሚመዘገብበት ጊዜ። እኔ በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን የማጠናው ከአገር ስለሚወጡ ሰዎችና ትተዋቸው ስለሚሄዱት ቤተሰቦች ነው። ያን ጊዜ «ከአገር ወጣ» ማለት «ከዳ» ማለት ስለነበር ስለ ስደተኛ የምንማረው ከቤተ መጻሕፍት ሳንወጣ ነበር። ይህን መታገሥ ያቃታቸው አማካሪዬ ናቸው። «የተሰደደ ሰው ቤት ገብታችሁ ሳትቀመጡ ስለ ስደት ብትጽፉ ማን ያምናችኋል?» ይሉን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፉና የቢሮ በር ሲያንኳኩ ቆይተው፣ ለተማሪዎች የመስክ ጥናት የሚውል መጠነኛ ገንዘብ አስፈቀዱ።

ገንዘቡ ግን ከአንድ ቅጽ ጋር መጣ። ተማሪው ያነጋገራቸውን ሰዎች ስም መዝግቦ፣ አስፈርሞ፣ በገበሬ ማኅበሩ ማኅተም አስረግጦ መመለስ አለበት። ቀድሜ እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። የእኔ ቅጽ ሲመለስ ገንዘቡ ለታደሰና ለአልማዝ፣ ለሁለቱ የክፍል ጓደኞቼ፣ ይለቀቃል።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው በጠዋት ቢሆንም የከተማውን መውጫ ኬላ ለማለፍ ብቻ ረፋዱ አለቀ። ሁላችንም ከተሳፈርንበት ሎንቺና ወርደን ተሰለፍን። መታወቂያዬን፣ የይለፍ ወረቀቴንና የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ በየተራ አሳየሁ። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኳቸው በኋላም በየአሥር ደቂቃው እጄን እየሰደድኩ መኖራቸውን እዳስስ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ታዘቡኝና «ልጄ፣ ሌባ የለም እዚህ፤ እረፊ» አሉኝ። ማረፍ ግን አልቻልኩም።

ጫጫ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማም የተጣፈ ነበር። ሾፌሩ ሲታገል እኛ መንገድ ዳር ቆመን ነፋሱ አላስቆም አለን። የጅማ ሰው ዓይኑን ባሳረፈበት ዛፍ ማየት የለመደ ነው፤ እዚያ ግን ሜዳው ወለል ብሎ፣ የገብሱ ማሳ ከሰማይ ጋር እስኪገጥም ይሄዳል። መደበቂያ የሌለው አገር መስሎ ተሰማኝ።

ደብረ ብርሃን እየመሸ ገባንና በጥቆማ ያረፍኩት የእትዬ በላይነሽ አልጋ ቤት ሆነ። ስሜ ፋጡማ መሆኑን ከመታወቂያዬ ሲያዩ ገና እራት ሳልጠይቅ «ሥጋ እንደማትበዪልኝ አውቃለሁ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ተመልሰው የወጡት አዲስ ድስት ይዘው ነው። «ምንም አልተሠራበትም፤ ለልጄ ሠርግ የገዛሁት ነው» ብለው በእሱ እንቁላል ቀቀሉልኝ። ከነጫማዬ፣ ከነካፖርቴ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ በአንድ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋልኩ። ስጠራ የቢሮው ኃላፊ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ደጋግመው አነበቡና «ስደት ይላል» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«በእኛ አካባቢ የሚሰደድ ሰው የለም። የሌለ ነገር እንዴት ይጠናል?»

ኃላፊው እስክሪብቶ አንስተው «ስደት» የሚለውን ሰረዙና በላዩ «የሕዝብ እንቅስቃሴ» ብለው ጻፉበት። «ይሄ ይጠናል» አሉ። እንደገና ይታይፕ ተባለ፤ ታይፒስቷ ግን ለቅሶ ሄዳለች። ውጭ ወጥቼ ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ቁጭ ስል እጄ ይደነዝዛል፣ ስሄድ ደግሞ ልቤ ቢሮው ይቀራል። ደብዳቤው ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረሰልኝ።

በማግስቱ ስነሳ እትዬ በላይነሽ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። «ስትመለሺ ትመልሻለሽ» አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም።

ረቡዕ

ወደ አንኮበር የወሰደኝ እህል ሊጭን የሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ከኋላ፣ ባዶ ጆንያዎች ላይ፣ አብረውኝ ከተቀመጡት መካከል ጋሼ ሰኢድ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ፂማቸው ሸበቶ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ከአልዩ አምባ ገበያ አለፍ ብላ ያለች መንደር ተወላጅ ናቸው። የምሄደው ወደዚያው መሆኑን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ለምን?» አሉ።

«ለትምህርት ነው። ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ልጠይቅ።»

«መኖሩንማ ይነግሩሻል» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ።

አንኮበር አፋፍ ስንጠጋ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ መንገዱ ስለጠፋበት ወርደን ከፊት ከፊቱ በእግራችን እንድንሄድ ጠየቀን። ጭቃው አንድ ጫማዬን ውጦ አስቀረው። ጋሼ ሰኢድ እስከ ክንዳቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው ፈልገው አወጡልኝና በጆንያ ጠራርገው ሰጡኝ።

ቁልቁለቱን የወረድነው በእግር ነው፤ ዕቃዬን አንኮበር ያቆዩዋት በቅሏቸው ተሸከመችልኝ። ጠዋት ጥርሴን ያንገጫገጨኝ ብርድ ከሰዓት በኋላ የለም። ጋቢውን አወለቅኩ፣ ካፖርቴን አወለቅኩ፣ ላብ ዓይኔ ገባ። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ማሽላውን ተከትሎ ጥጥ መጣ። ከጅማ አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ተጉዤ የማላየውን ለውጥ እዚህ በግማሽ ቀን አየሁ።

ጋሼ ሰኢድ ያሳረፉኝ የሟች ወንድማቸው ሚስት፣ እማማ ዘይነባ ዘንድ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ሰው ፊት የማያዩ ሴት ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም» ስል ድምፄን ሰምተው ብቻ «የሩቅ ልጅ ነሽ» አሉኝ። እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ ዘፈዘፉልኝ። የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረቡልኝና እስክጨርስ ምንም አልጠየቁኝም።

ሐሙስ

ቤት ለቤት ዞርኩ። በሄድኩበት ሁሉ ተቀበሉኝ፣ ወተት ሰጡኝ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ለቀቁልኝ። ስጠይቅ ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ከዚህ የወጣ ሰው የለም።»

ይህን የሚሉኝ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የባሕር ማዶ ሽርጥ ተሰቅሎ ነው። አንዱ ቤት አበባ የተሳለበት ቴርሞስ አየሁ፤ ሌላው ቤት ትንሽ ሬዲዮ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እኔ ስጽፍ ሴቶቹ እጄን ያያሉ። እጄን ሳቆም ይተነፍሳሉ። አማካሪዬ መጠይቁን ሲያዘጋጁ «ካልመለሱልሽ ታገሺ» ብለውኝ ነበር። ትዕግሥት ግን ከእኔ ዘንድ አልነበረም። ቁጭ ስል መሬቱ የሚያቃጥለኝ ይመስል ተነስቼ ወደሚቀጥለው ቤት እሄድ ነበር። ማታ ቅጹን ገለጥኩ፤ አንድ ስም አልተጻፈበትም።

ዓርብ

ወንዶቹ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄዱ እማማ ዘይነባ በሩን ገርበብ አደረጉ። ከጥጥ ማስቀመጫው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ማንበብ የሚችሉ እዚህም አሉ» አሉኝ። «ግን ያነበበ ያውቃል፤ ያወቀ ይጠየቃል። አንቺ ትሄጃለሽ።»

ደብዳቤው ከልጃቸው ከሁሴን ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ። ጅቡቲ ወደብ ጭነት በማውረድ እንደሚሠራ ይላል። የሙቀቱን ነገር፣ በአንድ ክፍል ስንት ሆነው እንደሚያድሩ ይተርካል። መጨረሻው ላይ «ናፍቆት ስላስቸገረኝ ለአረፋ እመጣለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» ይላል። ከሥሩ ደብዳቤ የሚቀበልለት ባለሱቅ አድራሻ አለ።

አንብቤ ስጨርስ «ድገሚው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው «እመጣለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ።

ነገሩን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሁሴን ለውትድርና ሊመዘገብ ሁለት ቀን ሲቀረው ቆላ ለቆላ ወደ አፋር ወረደ። ጠያቂ ሲመጣ ቤተሰቡ «ለንግድ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ» አለ። ሰው የተባለውን እንዲያምን ለቅሶ ተቀመጡ፤ ለሟች የሚወጣውን ሰደቃም አወጡ። መንደሩ በሙሉ መጥቶ አለቀሰ፤ እውነቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ስሙም ከመዝገብ ተሰረዘ።

«እኔ ግን ሳለቅስ እውነቴን ነበር» አሉ። «አሁን በሕይወት አለ ሲሉኝ ደስታው እሺ ብሎ አይገባኝም።»

መልስ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ከመጠይቅ ደብተሬ አንድ ቅጠል ቀደድኩ።

«ስሙን አትጻፊ። ለልጄ በይ ብቻ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ደህና ነኝ በይው። ላሚቱ ወልዳለች በይው። ሰደቃህን አውጥተናል በይው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «እንደዚያው ይጻፍ?»

«ጻፊው፣ ይገባዋል። ሰደቃው የወጣለት ሰው በእግሩ ቢመጣ ምን ይባላል? እሱን ይወስዱታል፤ እኔንም፤ አብረውን ያለቀሱትንም። ለአረፋ አትምጣ በይው። ባለህበት አላህ ይጠብቅህ በይው።»

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። አሁን የምናገረውን ግን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። የሁሴን ደብዳቤ እዚያ ለመድረስ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ እያሰብኩ ነበር። ከእነዚያ እጆች አንዱ ቢያወራስ? ቀጣዩ ደብዳቤ መንገድ ላይ ቢያዝስ? ስለዚህ እሳቸው ያላሉትን አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። «ደብዳቤም አትላክ» ብዬ ጻፍኩ። ጨርሼ ሳነብላቸው ያቺን ዘለልኳት።

እማማ ዘይነባ አውራ ጣታቸውን ጥላሸት አስነክተው ከሥሩ አተሙ። ከአዲስ አበባ በፖስታ እንድልክላቸው አደራ አሉኝ። የባለሱቁን አድራሻ በቃሌ ያዝኩት።

ቅዳሜ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይመር አስጠሩኝ። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጠረጴዛ አስወጥተው ተቀምጠዋል፤ የማኅተሙ ሳጥን ከፊታቸው ነው።

«ጓድ ተማሪ፣ ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ሙዪና ማኅተም ላድርግልሽ።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የመጀመሪያው መስመር «ሙሉ ስም» ይላል፤ ሁለተኛው «ከቤተሰብ የወጣ ሰው ስም»፤ ሦስተኛው «የሄደበት አገር»። አዲስ አበባ ሆኜ አሞላሉን ስለማመድ ምንም ያልመሰለኝ ቅጽ ነው። እማማ ዘይነባ ዓይኔ ላይ መጡብኝ። ወዲያው ደግሞ ታደሰና አልማዝ መጡብኝ፤ ሁለቱም ሻንጣቸውን አዘጋጅተው የእኔን መመለስ ይጠብቃሉ።

«የምሞላው የለኝም» አልኩ። «ከመጣሁ ጀምሮ አሞኝ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያ በየቤቱ ስትዞሪ ነበር አሉ።»

«መድኃኒት ፍለጋ ነው።»

አቶ ይመር እኔንም ቅጹንም አዩ። የምዋሽ መሆኔን ማወቃቸው ከፊታቸው ይነበባል። ደፈር ብዬ «እንዲሁ በባዶው ላይ ያትሙልኝ» አልኳቸው።

ሳጥኑን ዘጉት። «ባዶ ወረቀት ላይ አላትምም። ነገ ማን የማንን ስም እንደሚሞላበት አላውቅም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው «ይልቅ ሳይመሽ ተነሺና ጓዝሽን አሰናጂ፤ ነገ ሰኢድ ወደ ላይ ይወጣል» አሉኝ። ሊያባርሩኝ ይሁን ሊያድኑኝ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

እሑድ እና ሰኞ

ዳገቱን ስወጣ እማማ ዘይነባ ያሰሩልኝን በማር የተለወሰ ቂጣ እየበላሁ ነው። ሲሰናበቱኝ ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳሙ፤ ያኔም ፊቴን አላዩም። እሑድ ማታ ደብረ ብርሃን ገብቼ ጋቢውን ለእትዬ በላይነሽ መለስኩ። «ከስተሻል» አሉኝ፤ በአምስት ቀን ውስጥ።

ሰኞ አዲስ አበባ መግቢያ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ሙሉ በሙሉ ገለበጠው። በዕድሜ ገፋ ያለ ሚሊሺያ ነው። ደብዳቤውን ከመጠይቅ ወረቀቶቼ መሐል አድርጌው ነበር። እሱ ግን እንግሊዝኛዎቹን ሁሉ ትቶ አማርኛዋን መዘዘ።

ጮክ ብሎ፣ ፊደል እየቆጠረ አነበበው። «ሰደቃህን አውጥተናል። ሰደቃ ምጽዋት ነው አይደል?»

«ነው። እናቴ ለወንድሜ የጻፈችው ነው። ለደህንነቱ አውጥታለት ነው።»

«የእኔም እናት ለእኔ ሻማ ታበራ ነበር» አለ። ማንበቡን ቀጠለና ቅንድቡ ተሰበሰበ። «አትምጣ ትለዋለች?»

«ሥራ ይዟል። መንገድ እንዳያጉላላው ነው።»

«ይሁን። ደብዳቤም አትላክ የምትለውስ?» ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ እንኳ ጭካኔ ነው። የእኔ ልጅ ግንባር ነው ያለው፤ የእሱን ወረቀት ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም። እናትሽን እንደዚህ አይባልም በያት።»

«እላታለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን እንደ ነበር አጥፎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄጄ ያቺን ዓረፍተ ነገር ልሰርዛት አሰብኩ። የተሰረዘ ነገር ያለበት ደብዳቤ ዓይን ይስባል ብዬ ፈራሁና እንዳለ ላክኩት።

ከዚያ በኋላ

አማካሪዬ ቅጹን ገልጠው አዩት።

«ሰው አጣሽ?»

«አላጣሁም።»

ቅጹን መልሰው አጠፉና «ተማሪዋ ታማ ነበር ብዬ እጽፋለሁ» አሉ። ጻፉም። ገንዘቡ ግን ተያዘ፤ በዚያ ዓመት ታደሰም አልማዝም ከቤተ መጻሕፍት ሳይወጡ ቀሩ። ታደሰ ወራት ሙሉ አላናገረኝም። ምክንያቱን ልነግረው አልችልም ነበር። የእኔ ጽሑፍ ስም የሌላቸው ሰዎች የሞሉበት ሆኖ እንደምንም አለፈ። ከፈታኞቹ አንዱ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አሉ» አልኩ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ጋሼ ሰኢድ በርበሬ ይዘው መርካቶ መጥተው የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አስጠሩኝ።

«ደርሶታል?» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ።

«ደርሶታል መሰለኝ። ለአረፋ አልመጣም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ደብዳቤስ?»

«እሱ ነው ያመጣኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። ዘይነባ፣ ያልኩትን እንዳልኩት ጽፋ እንደሆን ጠይቅልኝ ብላኛለች።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የጨመርኩትንም፣ ሳነብ የዘለልኩትንም ነገርኳቸው። ጋሼ ሰኢድ አልተቆጡም። «ለምን?» አሉ ብቻ።

«ፈርቼላቸው።»

«እሷ መፍራት ያቅታታል?» አሉኝ። «ይህን እንዳልሽው እነግራታለሁ» ብለው ሄዱ።

በዚያው ቀን በቃሌ ወደያዝኩት አድራሻ ጻፍኩ። «ደብዳቤ አትላክ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እናትህ አላሉም» አልኩት። መልስ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እመላለስ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ጋሼ ሰኢድ እንደገና በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«መጥቷል» አሉኝ።

«ምን ይላል?»

«አልተከፈተም። እኔ ላስነብብሽ ብላት እምቢ አለች። አንቺን ትጠብቃለች።»

በዚህ ጊዜ የመስክ ጥናት ገንዘብ የለም፤ ቅጽም የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያወጣሁት ዘመድ ጥየቃ ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን አላደርኩም። አንኮበርንም በጉሙ ውስጥ አልፌ ቁልቁለቱን ከጋሼ ሰኢድ እየቀደምኩ ወረድኩት።

እማማ ዘይነባ በር ላይ ነበሩ። እግሬን እንድታጠብ አልጋበዙኝም፤ ወተትም አላቀረቡም። ገብቼ እንደተቀመጥኩ ፖስታውን እጄ ላይ አኖሩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«እንዳለ አንብቢው» አሉኝ። «ምንም አትጨምሪ። ምንም አትዝለይ።»